የቀይዋ ጊታርህ ጉሮሮ እኔ ዘንድ ነው

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምህ ብዬ እንዳልጀምር መልስህ አይደርሰኝም፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ከተለየኸን ሁለተኛ ዓመትህ ሊደፈን ጥቂት ቀርቶታል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትልህ ኖረች፤ እኔ ግን ጭንህ ላይ ሆኜ አንተ ስልህ ነው ያደግሁት፣ አሁንም በዚያው እቀጥላለሁ። በአማርኛ የምጽፍልህ ፊደሉን ያስቆጠርኸኝ አንተ ስለሆንህ ነው። ደግሞም የማወራህ የቂም ነገር ነው፤ ቂም በዕብራይስጥ ሳወራው አይጥመኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የአሽዶድ ሰፈራችን ሮቫ ቴት አንተ እንደተውኸው ነው። አሳንሰሩ ዛሬም ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው መሀል ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ያቺ ባለ ድመቷ ሩስያዊት፣ ስታገኘኝ አሁንም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። ማማዱ ግን ተለውጧል። ሳይረን ሲጮህ የምንሸሸግባት ያቺ ባለ ብረት በር ክፍል ለሌላው ሰው መጠለያ ናት፤ ለአንተ የሥራ ቦታህ ነበረች። አሁን ጠረጴዛህ ባዶ ነው። የመዳብ ሽቦህ ጥቅልል በሳጥን ገብቷል። የስፌት ማሽኗም ወደ ባለቤቷ ወደ እማዬ ተመልሳለች። ስንት ዓመት ማሽኔን መልስልኝ እያለች ነዝንዛሃለች፤ ይኸው ስትመለስላት አንድ ቀን እንኳ አልሰፋችባትም። አንተ ያሰርኸውን የጎማ ማሰሪያ እንኳ አልፈታችውም። በየዓርቡ አቧራዋን ትወለውልና መልሳ ትሸፍናታለች።

አንተ የምታውቀውን ልድገመው፤ ይህን ደብዳቤ ከአንተ ሌላ ሰው ቢያነበው ነገሩ እንዲገባው እፈልጋለሁና። እንዲያውም ብዙ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ሥራህ ሞተር መጠምጠም ነበር። ወደቡ አጠገብ ባለች ጋራዥ የተቃጠለ የፓምፕና የማንሻ ሞተር እየፈታህ አዲስ የመዳብ ሽቦ ትጠመጥምበት ነበር። ያን ዕውቀት ቤት ይዘኸው ገባህና ጊታር ላይ አዋልኸው። የኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚሉት ነገር አለው፤ ማግኔት ነው፣ ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ዙሪያውን የተጠመጠመበት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማውና ወደ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። አንተ ግን ፒካፕ የሚለው ስም አልጣመህም። ጉሮሮ ነበር የምትለው።

ቀይዋን ጊታር ከባሕሩ ዳር የረቡዕ ገበያ ገዝተህ ያመጣሃት ዕለት ሳሎን ቁጭ ብለህ አንድ የጎንደር የሰርግ ዜማ ሞከርህባት። ከዚያ ከጉልበትህ ላይ አወረድሃትና ይቺ ዕብራይስጥ ብቻ ነው የምታውቀው፣ አማርኛ ላስተምራት አልህ። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ቀልድህን አልነበረም። ከፋብሪካ የመጣውን ጉሮሮ አውጥተህ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኸው፤ ሌላ ደግሞ ከተሰባበሩ ጊታሮች እየነቀልህ መሞከር ጀመርህ። የሽቦውን ዙር ስታበዛው ድምፁ ወፈረ፣ ግን ታፈነ፤ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው መሰለ። ስታሳንሰው ተመልሶ ጥርስ የሚያሳክክ ሆነ። ማግኔቱን በደካማ ማግኔት ለወጥኸው፤ ጠንካራ ማግኔት ክሩን ወጥሮ ይይዘዋል፣ አያስተነፍሰውም ብለህ አስረዳኸኝ። እኔ ሃኪርያ በሚሉት ሰፈር መነጽር ቤት ተቀጥሬ ትንንሽ ብሎን መፍታት ከለመድሁ በኋላ አጠገብህ እየተቀመጥሁ የሽቦውን ጫፍ እበይድልህ ነበር። የኔ እጅ እንደማይንቀጠቀጥ ለሰው ሁሉ ስታወራ ያሳፍረኝ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

የተዋጣለት ጉሮሮ የተጠመጠመበትን ቀን ታስታውሳለህ? የስፌት ማሽኗ ሞተር ያዞረዋል፣ አንተ ሽቦውን በሁለት ጣትህ ይዘህ ትመራዋለህ። ሳይረኑ ጮኸ። እማዬ ሮጣ ገባች፣ ጎረቤታችን ድመቷን አቅፋ ገባች፣ የብረቱን በር ዘጋነው። አንተ ሽቦውን ብትለቀው ይበጠሳል፤ ስለዚህ አልለቀቅኸውም። እማዬ ፈጣሪዋን ትጠራለች፣ ድመቷ ትጮኻለች፣ አንተ ደግሞ አትተንፍሱ ትለናለህ። ፍንዳታው ግድግዳውን ሲነቀንቀው እጅህ ተንቀጠቀጠ፤ ሽቦውም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየዘለለ ተጠመጠመ። እኔ በቃ ተበላሸ ብዬ ነበር። አንተ ግን እንዳለ ተወው አልህ። ከዚያም እንዳያፏጭ በቀለጠ ሰም ነከርኸው። ሰሙ ደግሞ የእማዬ የሰንበት ሻማ ቁራጭ ነው፤ በየዓርቡ አብርታ ካለቀው ሥር ሥሩን እየለቀምህ በጣሳ ስታጠራቅም ከርመሃል።

ጊታሯ ላይ ገጥመህ ያንኑ ዜማ ስትነካው እማዬ ከማድ ቤት ወጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ ትከሻዋ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች። እኔና አንተ ተያየን። እማዬን ከምጣዷ ያስነሣ ድምፅ ሌላ ምስክር እንደማያስፈልገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ታከለ ልምጣ። ስሙን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብዳል።

አንተ መድረክ አትወድም ነበር፤ ሰው ካየህ ጣትህ ይተሳሰራል። ታከለ ግን ሰው ካላየው አይኖርም። የወዳጅህ ልጅ ነውና፣ የአሽዶድንም ሰርግ ሁሉ የሚያጫውት እሱ ነውና፣ ጊታሯን እሱ ይምታት አልህ። በየሰርጉ ራስህ ተሸክመህ ትወስዳታለህ፣ ከስፒከሩ ኋላ ቆመህ ትሰማለህ፣ ሲያልቅ ራስህ ተሸክመህ ትመልሳታለህ። ጊታሯ የምታድረው እኛ ቤት ነበር። የአሽዶድ ባሕር መዳብ ይበላል ትል ነበር፤ ስለዚህ በየዓመቱ ለፋሲካ እማዬ ቤቱን ከእርሾ ስታጸዳ አንተ ጊታሯን ከጨው ታጸዳለህ። ሆዷን ከፍተህ አረንጓዴውን ዝገት ትፍቃለህ፣ የላላውን ትበይዳለህ። ታከለ ይህን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም።

አንተ ባረፍህ ጊዜ በሰባቱ የለቅሶ ቀን ውስጥ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው። አባቴ ነበር እያለ ጮኾ አለቀሰ። ደረቱን መታ። እኔ እንኳ ልቤ ራርቶለት ውሃ ሰጠሁት። ሊሄድ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው ጊታር ሄደና አንተን ማስታወሻ እንድትሆነው ሊጠብቃት እንደሚፈልግ ለእማዬ ነገራት። እማዬ መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ በለቅሶ ቤት የዘፈን ዕቃ አይሰቀልም፣ ዓመቱ እስኪወጣ አንተ ዘንድ ትቀመጥ አለችው። ከጎኗ አባ ፈረደ ተቀምጠው ነበር፤ የአገር ሽማግሌው፣ አንተ የምታከብራቸው። እሳቸውም ሰሙ። ዓመቱ እስኪወጣ አለች እንጂ ውሰዳት አላለችም።

ከዚያ ዓመቱን ያዝን። አባቷ የሞተባት ልጅ ዓመት ሙሉ ዘፈን አትሰማም፣ ሰርግ አትሄድም፤ ይህን አንተም ለአባትህ ጠብቀኸዋል። እኔም ጠበቅሁልህ። መነጽር ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ወደ ውጭ እወጣ ነበር፤ ኋላ ኋላ አብረውኝ የሚሠሩት ራሳቸው ያጠፉልኝ ጀመር። አውቶቡስ ላይ የሰው ስልክ ሲዘፍን ጆሮዬን እይዛለሁ። ያንተን ጊታር ድምፅ በሐሳቤ ብቻ ነበር የምሰማው። የከበደኝ እሱ ነበር አባዬ፣ ድምፅህ በአሽዶድ አዳራሽ ሁሉ እየተሰማ እኔ ልጅህ ብቻ አለመስማቴ።

ታከለ የሚያውቀውም ይህንኑ ነበር። እኛ ዘፈን ወዳለበት እንደማንደርስ አውቆ ዓመቱን እንደ ልቡ ተጠቀመበት።

ዓመቱ ወጣ። የመጀመሪያውን ሰርግ እማዬን ይዤ ሄድሁ። ገና አዳራሹ በር ላይ ሳለን ጊታርህን ሰማኋት። ግድግዳውን ይዤ ቆምሁና አለቀስሁ፤ እማዬም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገብተን ተቀመጥን። ታከለ አየን፣ ራሱን ነቀነቀልን። ከዚያ ማይኩን ያዘና ጊታሯን ወደ ላይ አንሥቶ ለሕዝቡ እንዲህ አለ፦

"ይቺን ጊታር አማርኛ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በዚህ በጄ።"

ሰው አጨበጨበ። ያንተን ቀልድ ነው የወሰደው አባዬ። ሳሎናችን ውስጥ፣ እግርህን አጣጥፈህ ያወራሃትን ቀልድ እንኳ አልተወልህም። በኋላ ስሰማ ዓመቱን ሙሉ በየሰርጉ ይላት ኖሯል፤ የማስታወቂያ ወረቀቱም ላይ ጽፏታል። ስምህን አንድ ቀን አልጠራም። እማዬ ከፊቷ ያለውን ምግብ አልነካችውም።

በማግስቱ ቤቱ ሄድሁ። ዓመቱ ወጥቷል፣ ጊታሯን መልስ አልሁት፤ በጨዋ ቃል። ለቅሶ ቤት የተሰጠ መታሰቢያ መልሱ ይባላል እንዴ ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን እስክሞት አልረሳውም።

"አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ሽቦ ይጠመጥም ነበር። ድምፁ የኔ ነው።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደረጃውን ስወርድ ማልሁ። ፖሊስ ዘንድ አልሄድም፣ በፌስቡክ አልሳደብም። ድምፁ ያንተ መሆኑን በራሱ አፍ፣ በሽማግሌ ፊት ሳላስመሰክረው አልተኛም አልሁ። አንተ ብትኖር ተይው ልጄ ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው አንተ በሌለህበት የማልሁት።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ምንም። ቁጭ ብዬ ባሕሩን ጠበቅሁት። የሐዘናችን ዓመት ፋሲካ ሲመጣ ጊታሯን ከጨው ያጸዳት ሰው እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ታከለ በመኪናው የኋላ ሣጥን ውስጥ ነው ይዟት የሚዞረው፤ መኪናውን ደግሞ ወደቡ ግድም፣ ነፋሱ ጨው በሚረጭበት ያቆማታል። እኔ በየሰርጉ እሄዳለሁ፣ ወደ መድረኩ ቀረብ ብዬ እቀመጣለሁ፣ እሰማለሁ። ክረምቱ ሲገባ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ሌላው ሰው አልሰማውም። እኔ ሰማሁትና ደስ ብሎኝ አንድ ቁራሽ ዳቦ አነሣሁ።

እና አንድ ሐሙስ፣ ሙሽሮቹን ከበው ሁሉም እስክስታ ሲወርድ፣ የጊታሯ ጉሮሮ ተዘጋ። ታከለ ክሩን ይመታል፣ ምንም የለም። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። በጥፊ መታት። ከታች ባለው በሌላኛው ፒካፕ ሊጨርሰው ሞከረ፤ እሱ አንተ ያልነካኸው ነውና እንደ ትንኝ ጮኸ። ጨፋሪው ቆመ። አንዲት ሴት በዕብራይስጥ ማዜ፣ ይሄ ምንድን ነው ስትል ሰማሁ። ያን ዕለት ጥብሱን ጥሩ አድርጌ በላሁ አባዬ። ደግሞ አስጨመርሁ።

ቴል አቪቭ ጊታር የሚያድሱ ሰዎች ዘንድ ወሰዳት። ከፍተው አዩና አዲስ ሽቦ ልንጠመጥምበት እንችላለን፣ የድሮው ድምፅ ይመለሳል ብለን ግን ቃል አንገባም አሉት። እንዲህ የተዘበራረቀ ጥምጥም አይተን አናውቅም አሉት አሉ። በፍንዳታ መሀል የተጠመጠመ መሆኑን ከየት ያውቁታል።

ሰርጎቹ መሰረዝ ሲጀምሩ ሽማግሌ ላከብን። አባ ፈረደና ሁለት አዛውንት መጡ። እሱ ራሱ አልመጣም፤ አጥፍቻለሁ ብሎም አላከም። የላከው፣ የአባቷ ሥራ ጠፍቶ እንዳይቀር ታድነው ብሎ ነው። ብልጥ ነው፤ በአንተ ስም እኔን ሊያሠራኝ ነው። እማዬ ፊቴን አየች። እኔ ተነሥቼ የአባ ፈረደን ጉልበት ሳምሁና እሺ አልሁ። ጊታሯ ትምጣ፣ እጠግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው፦ የሚረከባት ዕለት እሳቸውም ይኑሩ፣ እሱም በፊታቸው ይሞክራት፣ በኋላ ነገር እንዳይነሣ። መልካም ነው ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ስቀበል ትንሽ አፈርሁ። ትንሽ።

ማማዱ ውስጥ ገብቼ መብራትህን አበራሁና ሆዷን ከፈትሁ። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የዓርብ ሽታ፣ የሻማው። ጠረጴዛህ ላይ ተደፍቼ እስኪወጣልኝ አለቀስሁ፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስሁ። ጥምጥሙ ደህና ነበር። የተበጠሰው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፣ እኔ የምበይድልህ ቦታ ላይ፤ ጨው አረንጓዴ አድርጎ በልቶታል። በመነጽር ቤቱ ትንሽ ቢላ ፋቅሁት፣ በየድሁት። የኤሌክትሪክ መለኪያህን ሁለት ጫፍ ሳስነካው መርፌዋ ተነሣች። ሕይወት አለው። ጊታሯ ላይ ግን መልሼ አልገጠምሁትም። በነጭ ጨርቅ ጠቀለልሁት። የብስኩቱን ቆርቆሮ አውርጄ ያን ከፋብሪካ የመጣውን፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቀውን ጉሮሮ አወጣሁና እሱን ገጠምሁላት።

የቀጠሮው ዕለት ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ታከለ ለእማዬ ትልቅ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ መጣ፤ እማዬ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ማድ ቤት ገባች። ትንሿን ማጉያህን ሰካሁለት። ጊታሯን እንደ ሕፃን ታቀፋትና ያንኑ የሰርግ ዜማ መታት። ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀ። ደጋግሞ መታው። እኔ ክርኔን በእጄ ጨብጬ ቆሜያለሁ። አባዬ፣ አሁን ልንገርህ፣ ለጥቂት ቅጽበት እንዲያውቅ ተመኝቻለሁ። ይሄ እኮ እሷ አይደለችም ቢል ኖሮ፣ ጆሮው አንተን ቢያውቅ ኖሮ፣ ቂሜ እዚያው ይሞት ነበር መሰለኝ።

"ራሱ ነው" አለ። "እኔ የሠራሁት ድምፅ፣ ራሱ ነው።"

ያን ጊዜ እማዬ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ከማድ ቤት ወጣች። አንተ የምታውቀው በር ላይ ቆመች። ትከሻዋ አልተነቃነቀም።

"ይሄ የሳቸው አይደለም" አለች።

ታከለ ሳቀ። እኔ ከኪሴ ነጩን ጨርቅ አወጣሁ፣ ፈታሁት፣ አባ ፈረደ እጅ ላይ አኖርሁት። የአባቴ ይሄ ነው፣ እሱ አሁን የመታው ከገበያ የመጣው ነው አልኋቸው። አባ ፈረደ አገላብጠው አዩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ለታከለ አቀበሉትና አንተ ከሠራኸው በምን እንደነከርኸው ንገረኝ አሉት። ታከለ አየው። በዚያ በሚኮራበት እጁ ይዞት አያውቅም እኮ። ሙጫ ነው አለ። አባ ፈረደ ቀና ብለው እማዬን አዩ።

"ሻማዬ ነው" አለች እማዬ። "የሰንበት።"

ታከለ ጉሮሮውን ለአባ ፈረደ መልሶ ጊታሯን ከጭኑ አወረዳት። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደስም አለኝ። አልዋሽህም፣ በጣም ደስ አለኝ።

አባ ፈረደ በለቅሶው ቀን የሰሙትን መሰከሩ፤ ዓመቱ እስኪወጣ ነው የተባለው፣ ጊታሯን ለቤቱ መልስ ብለው ፈረዱ። አልፈልግም አልሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ይውሰዳት፣ በየሰርጉ ይምታት፣ ሰው ሁሉ ይስማት አልሁ። በድኗን ይውሰድ። ጉሮሮዋ ግን እዚህ ይቀራል። በየመድረኩም የሠራት ማን እንደሆነ በስሙ ይጥራ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ልክ ነው አሉ። ታከለ ጊታሯን ይዞ ሲወጣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር ደረጃውን በእግሩ ወረደ። የፍራፍሬ ቅርጫቱን ለጎረቤታችን ሰጠናት።

እንግዲህ አሁን ያለው ይህ ነው። ሰው እየመጣ ጊታርህ ምን ሆነች ይለዋል። ሙሽሮች የድሮው ድምፅ የታለ ይሉታል። እሱም ይመታል፣ እሷም ዕብራይስጥ ትናገራለች። በመጀመሪያዎቹ ሰርጎች ስምህን አልጠራም፤ ረሳሁት አለ ለሽማግሌዎቹ። እኔ ግን በየሰርጉ አለሁ። ዓመቴን ጨርሻለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም። ከመድረኩ ፊት፣ ዓይኑ ወደሚያርፍበት ቦታ እቀመጣለሁ፤ ጉሮሮህን የጠቀለልሁበትን ነጭ ጨርቅም ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማይኩን ያዘ። ይቺን ጊታር አማርኛ ያስተማራት አስረስ ወንዴ ነው፣ የሮቫ ቴቱ፣ ነፍሱን ይማረው አለ። ሙሉ ስምህን ጠራ አባዬ። ያንተን ዘመን የሚያውቁ አሮጊቶች እልል አሉ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታከለ ከመድረክ ወርዶ ወደ ጠረጴዛችን መጣና ጎንበስ ብሎ ቆመ። ዓይኑ ጨርቁ ላይ ነበር። ለምን እንደመጣ አውቄያለሁ። እማዬም ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ነካችው፤ ስጪው ማለቷ ነው። የእማዬ ልብ እንደ አንተ ነው።

ጨርቁን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

እኔ የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ ዓመት ሙሉ ቆይቻለሁ አልሁት። አንተም ታከለ፣ አባቴ ነበር ብለህ ደረትህን መትተሃል፤ እንግዲያው ዓመትህን ያዝ። ዛሬ ስሙን ጠርተሃል፣ ከዛሬ ይቆጠርልሃል። ወደ መድረኩ ተመለሰ።

ዓመቱን ሲጨርስ እሰጠዋለሁ ወይ? አላውቅም። ሽማግሌ ይመጣል፣ እማዬ ጉልበቴን ትነካለች፣ ያን ጊዜ የማደርገውን ያን ጊዜ አውቃለሁ። አንተ ግን በሕልሜ መጥተህ ተይው እንዳትለኝ፤ አደራ። በዚህ ብቻ ተወኝ።

እስከዚያው ጉሮሮህ ማማዱ ውስጥ፣ ነፋስ በማይገባበት፣ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለፋሲካ እማዬ ቤቱን ስታጸዳ እኔ እሱን አጸዳለሁ፤ በየዓመቱ፣ እጄ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ትናንት ማታ ሰንበት ወጣ። እማዬ ዓርብ ካበራችው ሻማ የተረፈውን ቁራጭ እንደ ልማዷ ልትጥለው አነሣችው። ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና ጣሳህን ጠየቀችኝ። አምጥቼ ሰጠኋት።

የማትረሳህ ልጅህ፣
ዝናሽ